የሊቃውንት ጥርጣሬና የፖለቲካ ክርክር

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል የሀገራችን ሰው። አባባሉ ጥርጣሬን የሚያየው እንደ ጥንቃቄ እንጂ እንደ ድክመት አይደለም። የሳይንስ ሊቃውንት ሥራም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። አንድ ወንዝ በዓመት ምን ያህል ውሃና ደለል እንደሚያወርድ ሲጠየቁ፣ ሐቀኞቹ የሚሰጡት መልስ ከዚህ እስከዚህ የሚል ግምት ነው። ይህ ግምት ከጥናት ክፍል ወጥቶ ወደ ፖለቲካ መድረክ ሲደርስ ግን መልኩ ይለወጣል። መቸኮል የሚሻው ወገን ጥርጣሬውን ይሸፍነዋል፤ ማዘግየት የሚሻው ደግሞ ያገንነዋል። በሁለቱም መካከል የሚጎዳው ገበሬው ነው። ለዚህ ቃላችን ከኒው ሀልፋ የተሻለ ምስክር ያለ አይመስለንም።

ግብፅና ሱዳን በ1959 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የናይልን ውሃ ሲከፋፈሉ፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እንዲሠራም ተስማምተው ነበር። የግድቡ ሐይቅ የሚውጠው የዋዲ ሀልፋ የኑቢያ ሕዝብ ቁጥሩ ወደ 50 ሺህ ይጠጋ ነበር። ይህ ሕዝብ ከ1964 ጀምሮ በባቡር እየተጫነ በአትባራ ወንዝ አካባቢ ወደተቆረቆረችው አዲስ ከተማ ተዛወረ። የጄኔራል አቡድ መንግሥት ሥፍራውን የመረጠው የተፈናቃዮቹን ፍላጎት ወደ ጎን ትቶ ስለነበር፣ ሕዝቡ በ1960 አደባባይ ወጥቶ ተቃውሟል። ለገበሬዎቹም 15 ፌዳን የመሬት ድርሻ ተመደበላቸው። ድርሻው የሚለማው በ1964 በተጠናቀቀው በካሽም ኤል ጊርባ ግድብ ውሃ ነው።

ግድቡ ሥራ ሲጀምር 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዝ ነበር። አትባራ ግን ውሃውን የሚያገኘው ከእኛ ደጋ ነው። ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ተከዜ፣ እንዲሁም ጓንግና አንገረብ የሰሜንንና የጎንደርን አፈር እያጠቡ ይወርዳሉ። በመሆኑም በ13 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከግድቡ ይዞታ ከሲሶ በላይ የሚሆነው በደለል ተያዘ፤ ቆይቶም ከግማሽ በታች ወረደ። ደለሉን ለማጠብ በጎርፍ ወራት ግድቡን መክፈትና ማጉደል ልማድ ሆነ። በእርሻውም ላይ የውሃ እጥረት ደረሰ፤ የሚለማውም መሬት ጠበበ። ደለል እንደሚመጣ የታወቀ ነገር ነው፤ አጠራጣሪው ፍጥነቱ ነበር። የዚህ ጥርጣሬ ዕዳ የወደቀው ግን ዕቅዱን በነደፉት ላይ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ነው።

ኒው ሀልፋን የወለደው የ1959 ውልም ቢሆን የተሸፈነ ጥርጣሬ ነው። ውሉ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5፣ ለትነት ደግሞ 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርጎ ደለደለ፤ ድምሩ 84 ነው። ይህ 84 የብዙ ዓመታት አማካይ እንጂ በየዓመቱ የሚፈስ ውሃ ልክ አይደለም። በ1913 ድርቅ ወንዙ ወደ አማካዩ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። ዝናብ ውል አይፈርምም። የውሃው አብዛኛው ክፍል የሚመነጭባት ኢትዮጵያም በዚያ ድልድል ላይ አልተጠየቀችም።

እስካሁን ያልነው ጥርጣሬን ስለመሸፈን ነው። የማግነኑ ዘዴም ከዚህ ያነሰ አይደለም። በ1969 አንድ የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያ በውስጥ ማስታወሻው ላይ የሚሸጠው ምርት ጥርጣሬ እንደሆነ ጽፎ ተገኝቷል። ትምባሆ መግደሉን ማስተባበል ባይቻል፣ «ገና አልተረጋገጠም» ማለት ይበቃው ነበርና ነው።

ወደ ወንዛችን ስንመለስ፣ በ2011 በተጀመረው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ክርክርም ይኸው መልክ ይታያል። ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በ2013 ባቀረበው ሪፖርት ሁለት ተጨማሪ ጥናቶች እንዲደረጉ መክሮ ነበር። ሥራው በ2017 የተደናቀፈው ሦስቱ መንግሥታት የጥናቱ መነሻ ምን ይሁን በሚለው ላይ፣ ከዚህም ውስጥ የ1959 ድርሻ ይቆጠር አይቆጠር በሚለው ጥያቄ ላይ ሳይስማሙ በመቅረታቸው ነው። ጥናቱ ቀረ፤ ጥርጣሬው ግን የመከራከሪያ ስንቅ ሆኖ ቀጠለ። በ2020 ሐምሌ ሱዳን ውሃው ጎደለብኝ አለች፤ በዚያው ዓመት መስከረም ካርቱም ላይ ናይል ከመቶ ዓመት ወዲህ ያልታየ ከፍታ ደረሰ። ግድቡ በተመረቀበት በ2025 መስከረም ማብቂያ ላይ ሱዳንን ጎርፍ ሲመታ ግብፅ ግድቡን ከሰሰች፤ ኢትዮጵያም ክሱን አስተባበለች። የየዕለቱ የውሃ ልኬት በሕዝብ ፊት ካልተዘረጋ ሕዝቡ በምን ይፍረድ?

እኛም ከነቀፌታ ነፃ አይደለንም። በ2020 ሐምሌ ሙሌቱ ተጀምሯል ወይስ አልተጀመረም በሚለው ላይ ከአዲስ አበባ የተሰማው ቃል አንድ አልነበረም። «ምንም ጉዳት የለውም» ብሎ መደምደምም «ጥፋት ያመጣል» ብሎ እንደ መደምደም ያለ ጥርጣሬን የመሸፈን ሥራ ነው። እውነት ያለው ወገን ልኬቱን በማሳየት ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ስለዚህ አንባቢያችን ጥርጣሬን እየጠቀሰ የሚከራከር ሰው ሲያጋጥመው በሦስት ጥያቄ እንዲፈትነው እንመክራለን። አንደኛ፣ ጥርጣሬው እንዲጠና ይፈልጋል ወይስ ሳይጠና እንዲኖር? ሁለተኛ፣ የሚጠቅሰው ቁጥር ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ይናገራል ወይስ የሚመቸውን ጫፍ ብቻ ይመርጣል? ሦስተኛ፣ ግምቱ ቢሳሳት ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ተናጋሪው ራሱ ካልሆነ ቃሉ በጥንቃቄ ይታይ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያጠራጥረው ነገር የማያጠራጥረውን ሊያግደው አይገባም። የደጋው አፈር ተጠርጎ እየሄደ መሆኑ ጥናት የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም፤ ዳገቱ የተራቆተበት የእኛ ገበሬም፣ ግድቡ የተደፈነበት የኒው ሀልፋ ገበሬም በዓይኑ የሚያየው ነው። ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ በሱዳን ጦርነት የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ በኒው ሀልፋና በገዳሪፍ ተጠግቷል፤ ከዚያ የሚጠበቀው እህል ከቀድሞው በዝቷል። በላይ እርከን መሥራት፣ በታች ውሃውን በአግባቡ መለካት፣ በመካከል ልኬቱን ሳይደብቁ መለዋወጥ የማንንም ሉዓላዊነት አይነካም። ሊቃውንቱ የማያውቁትን አናውቅም ለማለት ድፍረቱ አላቸው፤ መሪዎችም ይህንኑ ድፍረት ሊማሩ ይገባል እንላለን።