«ሬሲንግ» የተለጠፈበት ሁሉ አይሮጥም

አርብ ገበያ መሀል «ሬሲንግ» የሚል ተለጣፊ ያለበት ቀይ ኮይል ያስገጠመ ሞተር ሳይክል ባየሁ ቁጥር የማደንቀው ነጂውን አይደለም፤ ሻጩን ነው። ይህን ሁሉ ጎረምሳ ምን ብሎ አሳመነው? «ከፋብሪካ ከመጣው በምን ይበልጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከታች ጋይንት እስከ አዲስ አበባ መልሱ አንድ ነው፦ «እሳቱ ይበረታል!»

እሺ፣ ይበርታ። ከዚያስ?

የገለባ ክምር ለማቃጠል አንድ ክብሪት ይበቃል። በክብሪት ፋንታ ችቦ ስለለኮሳችሁበት ክምሩ አይጨምርም። ሞተርም እንደዚያው ነው። ጉልበቱ ያለው ሲሊንደሩ ውስጥ በገባው አየርና ቤንዚን ላይ ነው፤ የካንዴላዋ ሥራ በትክክለኛዋ ቅጽበት መለኮስ ብቻ ነው። ድብልቁ በየዙሩ ሳይስት እየተቀጣጠለ ከሆነ እሳቱን በእጥፍ ብታበረቱትም ሞተሩ አንዲት የፈረስ ጉልበት እንኳ አይጨምርላችሁም። ብልጭታ ቁም ነገር የሚሆነው ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ለውድድር ሞተር ማቀጣጠያ የሚመርጥ ሰው መጠየቅ ያለበት «የቱ ይበረታል?» ብሎ ሳይሆን «የቱ አይስትም? ቢስትስ ማን ይጠግነዋል?» ብሎ ነው ባይ ነኝ።

(«ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ ስለ ካንዴላ ምን አገባት?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከባለሞተር ጓደኞቼ ኋላ ተቀምጬ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ እንደቀረሁ ብታውቁ ዝም ትሉ ነበር።)

እስቲ ከራሳችን መንደር እንጀምር። ቦክሰሩም ቲቪኤሱም ባጃጁም የህንድ ብራንድ ነው። ከአርብ ገበያ ተነስቶ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወደ በሽሎ ሲወርድ ደግሞ ቆላ ይገባል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚለቀው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላዋ ጥላሸት ትለብሳለች፣ ሞተሩ ይንተባተባል። ይሄኔ ባለሞተሩ ምን ያደርጋል? «እሳት አነሰው» ይልና ኮይል ይገዛል! የታመመው ካርቡሬተሩ ወይም በአቧራ የታፈነው የአየር ማጣሪያ፣ የታከመው ግን ኮይሉ። ደግሞ የሚያስቀው፣ አየሩ ሲሳሳ ብልጭታዋ ክፍተቱን ለመዝለል የምትፈልገው ቮልቴጅ ያንሳል እንጂ አይበዛም። የደጋ ሞተር ከተቸገረ የሚቸገረው በሰዓቱ ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚዛመት ትንሽ ቀደም ብሎ መለኮስ ይኖርበታል። ይህ ደግሞ በተለጣፊ አይስተካከልም።

የባሰችው «የሬሲንግ ካንዴላ» ናት። ካንዴላ የሙቀት ደረጃ አላት። ጫፏ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልደረሰ የለበሰችውን ጥላሸት አቃጥላ ራሷን ማጽዳት አትችልም። ከ850 ገደማ ካለፈች ደግሞ ብልጭታ ሳትጠብቅ በግለቷ ብቻ ቤንዚኑን ትለኩሳለች፤ ፒስተን እስከ መብሳት ልትደርስ ትችላለች። ለውድድር የሚሠሩት «ቀዝቃዛ» የሚባሉት ናቸው፤ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው ያሳልፋሉ፣ ምክንያቱም የውድድር ሞተር የሚሠራው ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ ነው። ከገበያ ገበያ በሁለተኛ ማርሽ የሚያዘግም ቦክሰር ላይ ስትገጠም ግን በቅጡ ሳትሞቅ ትውላለች፤ ብዙም ሳይቆይ ከሰል ትመስላለች። ቁጥሯም ወጥመድ አለው። ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላዋ ትቀዘቅዛለች፤ ቦሽና ቻምፒዮን ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ትሞቃለች። ይህን የማያውቅ ሻጭና ይህን የማይጠይቅ ገዢ ተገናኝተው የሚፈጥሩትን መገመት አያቅትም።

«ሬሲንግ ሲዲአይ» የምትባለዋን ሣጥንም ልንካት። ከፋብሪካ የመጣው ሲዲአይ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ከተወሰነ ዙር በላይ እንዳያልፍ ይገታዋል። «ሬሲንጉ» ይህን ልጓም ያወልቃል። ጩኸቱ ይጨምራል፣ አልክድም። የቫልቩ ሞላ ግን ያው የድሮው ነው። ዙሩ ከአቅሙ ሲያልፍ ቫልቩ ተመልሶ ሳይዘጋ ፒስተኑ ሊደርስበት ይችላል፤ ያኔ ጋራዥ የሚገባው ሣጥኑ አይደለም፣ ሙሉ ሞተሩ ነው። ያ ሞተር ደግሞ እኛ ጋ መጫወቻ ብቻ አይደለም። ጠዋት ሰው ጭኖ፣ ከሰዓት ጤፍ ጭኖ ቤት የሚያበላ ነው። አርብ ማታ በሦስት ሰከንድ ፉክክር የተሰበረ ቫልቭ ቅዳሜ እንጀራ ይነሳል።

«ድራግ ያለ ትልቅ እሳት አይሆንም፤ አሜሪካኖቹን እዪ» ያለኝ ጓደኛ አለኝ። አየኋቸው። «ቶፕ ፊውል» በሚባለው ምድብ የሚወዳደሩት ባለ 8 ሲሊንደር መኪኖች 305 ሜትሩን አራት ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሱታል። የሚለኩሳቸው ማግኔቶ ነው፤ ሁለት ማግኔቶ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ በድምሩ 16። ትልቅ እሳት ያስፈለጋቸው ናይትሮሜቴን በገፍ ስለሚጠጡና ሲሊንደራቸው በፈሳሽ ነዳጅ ሊታፈን ትንሽ ስለሚቀረው ነው። የእናንተ ቦክሰር ናይትሮሜቴን ይጠጣል? ደግሞ ማግኔቶ ማለት ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1902 ለገበያ ያቀረበው ዓይነት አሮጌ ሐሳብ ነው፦ ማግኔት ሲሽከረከር ኤሌክትሪኩ እዚያው ይመነጫል፣ ከባትሪ አይለምንም። በዓለም እጅግ ፈጣን ከሚባሉት ባለሞተሮች የተማርኩት ይህን ነው፤ የመረጡት በራሱ የሚቆመውን ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ ባለ ዲኤክሶችም የምለው አለኝ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 200 ብልጭታ ይፈልጋል፤ በሁለት ብልጭታ መሀል ያለው ጊዜ የሰከንድ አምስት ሺህኛ ብቻ ነው። በከፍተኛ ዙር ፑንቲና መንጠር ይጀምራል፣ እሳቱም ይቆራረጣል። ስለዚህ ዲኤክስን በእውነት ለድራግ የሚያዘጋጅ ሰው ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢውተር ቢቀይር አልከራከርም፤ ትክክል ነው። «ብዙ ብልጭታ በአንድ ጊዜ» የሚሉትን ግን ተዉት። ብዙዎቹ በተደጋጋሚ የሚበልጩት ከ3,000 ዙር በታች ነው፤ ከዚያ በላይ ጊዜ ስለማይበቃ ወደ አንድ ይመለሳሉ። እናንተ ደግሞ የምትሽቀዳደሙት ከዚያ በላይ ነው! ከሁሉ በፊት ግን ከኋላ የጫናችሁትን ባስ እዩት። ባሱ ሲመታ የፊት መብራታችሁ ደብዘዝ አይልም? በዚያች ቅጽበት ኮይሉም እኩል ይራባል። ጎዳና ላይ መሽቀዳደሙን በተመለከተ፣ እግረኛ ባለበት አስፋልት የሚሽቀዳደም ሰው ማቀጣጠያው ምንም ይሁን ምን ከእኔ ጋር አይስማማም። ለሌላ ቀን ይቆየን።

ወደ አርብ ገበያ ልመለስ። አንድ ነገር አስተማማኝ የሚሆነው የሚገጠምበትን ቦታ ጨምሮ ነው። የድሮ ቮልስ ፑንቲና ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲያረጅ ሞተሩ መንተባተብ ይጀምርና ያስጠነቅቃችኋል። ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጋችሁ፣ ክፍተቱን አስተካክላችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ሲዲአይ ግን ብዙውን ጊዜ አይታመምም፤ በድንገት ይሞታል። መንገድ ላይ የሚከፍተውም የለም። ወደ ፑንቲና እንመለስ አላልኩም፤ ሲዲአይ በከፍተኛ ዙር ይበልጠዋል። የምለው፣ ለቀዩ ኮይልና ለሬሲንጉ ሣጥን በምታወጡት ብር ከፋብሪካው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሁለተኛ ሲዲአይ ገዝታችሁ መቀመጫችሁ ሥር አስቀምጡ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል፤ ዛሬ በእጃችን ያለው የቤንዚን ሞተር ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው ማለት ነው።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ግን ካንዴላዋን ፍቱና ቀለሟን እዩ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነች ማቀጣጠያችሁ ጤነኛ ነው፤ ሌላ በሽታ ፈልጉ። ደረቅ ጥቁር ከሆነች ማጣሪያውንና ካርቡሬተሩን እዩ። ነጭ ሆና ከተቃጠለች ቤንዚኑ አንሷል ወይም የሙቀት ደረጃዋ ተሳስቷል። ቀጥሎ ከሞተሩ አካል ጋር የሚታሰረውን የኔጋቲቭ ገመድ ፈትታችሁ ዝገቱን ጠርጉት፤ ለዚህ ማንም አያስከፍላችሁም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ቀዩ ኮይል ካማራችሁ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «የተሠራው ለሲዲአይ ነው ወይስ ለፑንቲና?» ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ያለ ቦታው የተገጠመ ራሱ ሊቃጠል ወይም ሌላውን ሊያቃጥል ይችላል። «ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ ብሩን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።