ለሰማዩ ሳይሆን ለወፉ

በካዛንቺስ ላይ የሚያንዣብብ ጭልፊት ፎቶ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጥቁር ጥላ ነው። ጥፋቱ በካሜራው ርካሽነት ይላከካል፤ እኔ ግን አልስማማም። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የተቃኘው ከፊቱ ያለው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው። በአዲስ አበባ ስስ ደመና ሰማዩን ሲያነጣው፣ መለኪያው ያንን ንጣት ግራጫ ለማድረግ ብርሃን ይቀንሳል፤ ቡናማው ወፍም አብሮ ይጠቁራል። ስለዚህ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ መጨመር ያስፈልጋል፤ 1 ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ከዚያም የሚሻለው መጠኑን በእጅ አስተካክሎ መተው ነው። ጭልፊቱ ከሰማይ ወደ ሕንፃዎቹ ዝቅ ሲል የሚለወጠው ዳራው እንጂ በላባው ላይ ያረፈው ብርሃን ብዙም አይደለም።

«ሰማዩ ይቃጠላል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ነጭ ደመና ሲነጣ ምን ይጎድልበታል? «በኮምፒውተር ይስተካከላል» ለሚሉትም፣ ከጨለማ ተጎትቶ የወጣ ላባ ዝርዝሩ ጠፍቶ በነጠብጣብ ይሞላል። ክንፏ በፀሐይ የበራ ነጭ ርግብ ግን ሌላ ጉዳይ ናት፤ ለእሷ ብርሃን መጨመር ላባዋን ማጥፋት ነው። ጥላውን ሆን ብሎ የሚመርጥም አለ፤ መብቱ ነው። እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል የሚያነሣ ሰው ለብርሃኑ ለክቶ ግድግዳውን ቢያጨልም ልክ ነው፤ እዚያ ጉዳዩ ራሱ ብርሃኑ ነውና። በጭልፊቱ ግን ጉዳዩ ላባው ነው።