የላቦራቶሪ ደብተርና የደረሰኝ ፌስታል

የመመረቂያ ዓመት ሲቃረብ በሳይንስ ፋኩልቲዎች ግቢ ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ ባመዛኙ አንድ ነው፤ «የት እንቀጠር ይሆን?» የሚል። ይሁንና ከተመራቂዎቻችን ጥቂት የማይባሉት ወይ መርጠው ወይ ቅጥር አጥተው የራሳቸውን ሥራ ይጀምራሉ። የኬሚስትሪ ምሩቁ ፈሳሽ ሳሙና ያመርታል፤ የፊዚክስ ምሩቁ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይጠግናል፤ የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቁ ኮምፒዩተርና መለዋወጫ ይሸጣል። ሙያቸውን አሳምረው ያውቃሉ። የሚያደናግራቸው በዓመቱ መጨረሻ ከግብር ቢሮ የሚቀርብላቸው ቀላል ጥያቄ ነው፤ ስንት ሸጣችሁ? ስንትስ አወጣችሁ?

ደመወዝተኛ ግብሩን በእጁ አይነካውም። ቀጣሪው ቀንሶ ያስገባለታል፤ ለእሱ የሚደርሰው የተጣራው ነው። የራሱን ሥራ የጀመረ ሰው ግን ገንዘቡ ሁሉ በእጁ ስለሚገባ ሁሉም የራሱ ይመስለዋል። የቤት ኪራይ ከዚያው ይከፍላል፤ ለእህቱ ሠርግ ከዚያው ያወጣል፤ መለዋወጫም ከዚያው ይገዛል። ሐምሌ ሲገባና አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀምር ያለፈው ዓመት ሒሳብ ይፈለጋል። በዚያን ጊዜ በእጁ ያለው ግማሹ የደበዘዘ ወረቀት የታጨቀበት አንድ ፌስታል ነው።

እዚህ ላይ የሚታየው ችግር ከሁሉ በፊት የመለካት ችግር ነው እንላለን። ሽያጭ፣ ትርፍና በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ሦስት የተለያዩ መጠኖች ናቸው። ርቀትንና ፍጥነትን አደባልቆ የሚጽፍ የፊዚክስ ተማሪ ፈተናውን እንደሚወድቅ ሁላችንም እናውቃለን። ሽያጭን ከትርፍ የሚያደባልቅ ነጋዴ ግን መውደቁን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሰው የ1,000 ብር ዕቃ ሲሸጥ ከገዢው 1,150 ብር ይቀበላል፤ 150ው ብር አንድ ቀንም የእሱ ሆኖ አያውቅም። እንዲሁም በ60,000 ብር የተገዛ የሥራ ኮምፒዩተር በአንድ ዓመት ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ወጪ አይደለም። ሒሳብ ሠሪዎች የእርጅና ቅናሽ የሚሉት ነገር በየዓመቱ የተወሰነ ድርሻ ብቻ ወጪ እንዲሆን ያደርጋል። ለመረዳት ያህል በየዓመቱ ከቀሪው ዋጋ 25 በመቶ ቢቀነስ፣ 60,000 የነበረው 45,000፣ ቀጥሎ 33,750 ይሆናል። ይህ ስለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች መመናመን ስንማር የሳልነው ኩርባ ዘመድ ነው።

ስለ ግብር መጣኔ የሚነገረውም አሉባልታ ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። በማሻሻያው መሠረት ከግለሰብ ነጋዴ ዓመታዊ ትርፍ ላይ የመጀመሪያው 24,000 ብር ግብር አይከፈልበትም። ከዚያ በላይ እስከ 48,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 84,000 ያለው 20፣ እስከ 120,000 ያለው 25፣ እስከ 168,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ብዙዎች «168,000ን ካለፍን በጠቅላላው 35 በመቶ ይወሰድብናል» ብለው ይፈራሉ፤ ሽያጫቸውን ለመደበቅ የሚገፋፉም አሉ። እናስላው። ትርፉ ልክ 168,000 ብር የሆነ ሰው ግብሩ 34,200 ብር ነው። አንድ ብር ሲጨምር ግብሩ 34,200 ብር ከ35 ሳንቲም ይሆናል። በሒሳብ ቋንቋ ፈንክሽኑ ቀጣይ ነው፤ የሚዘለው ስሎፑ ብቻ ነው። ትርፉ 300,000 ብር ቢሆን ግብሩ 80,400 ብር ማለትም ከትርፉ 26.8 በመቶ ይሆናል እንጂ የሚፈራው 105,000 ብር አይሆንም።

በገበያ ላይ ዘወትር ወደሚያጋጥመን ጉዳይ እንምጣ። ሻጩ «በደረሰኝ 40,000፣ ያለ ደረሰኝ 36,000» ይለናል። አራት ሺህ ብር ያተረፍን መስሎን ያለ ደረሰኙን እንወስዳለን። የተጨማሪ እሴት ታክሱን ወደ ጎን እንተወውና ትርፋችን ይህ ወጪ ሳይቀነስ 340,000 ብር ነው እንበል። ደረሰኝ ካለን 40,000ው ይቀነስልናል፤ በመጨረሻው እርከን 35 በመቶ ስለምንከፍል ግብራችን በ14,000 ብር ያንሳል። ስለዚህ ዕቃው በእውነቱ ያስወጣን 26,000 ብር ነው። ደረሰኝ ከሌለን ግን ግብር ሰብሳቢው ወጪውን አይቀበለንም፤ ያስወጣን 36,000ው ሙሉ በሙሉ ነው። ርካሹ ዕቃ በ10,000 ብር ተወደደ ማለት ነው። ይህንን ስሌት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል፤ የሚሠራው ሰው ማጣታችን ነው የሚያስገርመው።

እርግጥ ነው፣ ይህ ለሁሉም አይሠራም። በማሻሻያው መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ የደረጃ «ለ» ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው ከሽያጩ ስለሆነ የወጪ ደረሰኝ ግብሩን አይቀንስለትም። በደረጃ «ሀ»ም ቢሆን ከሽያጭ ላይ የሚሰላ ዝቅተኛ ታክስ ስላለ፣ ትርፉ ከሽያጩ አንጻር እጅግ ያነሰ ሰው ከላይ ያለውን ስሌት እንዳለ ሊወስደው አይገባም። ሆኖም ከሽያጭ ላይ ግብር የሚከፍል ጀማሪ ወጪውን የመመዝገብ ግዴታው የባሰ እንጂ የቀለለ አይደለም። ቢከስርም ይከፍላልና መክሰሩን ቶሎ ማወቅ አለበት።

መረጃ ሳይኖር ምን እንደሚከተል ያየነው በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። በጊዜው ደረጃ «ሐ» ይባሉ የነበሩት አነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢያቸው በገማቾች ተተመነ፤ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ አንዳንድ ከተሞች ብርቱ ቅሬታ ተነሥቶ ሱቆች እስከ መዘጋት ደረሱ። የግምቱን አግባብነት የሚከራከሩበት ይከራከሩበት። እኛን እንደ ሳይንስ ሰዎች የሚያሳስበን ሁለቱም ወገኖች የተሟገቱት መዝገብ በሌለበት መሆኑ ነው። ገማቹ ሱቁን ያየው ለአጭር ጊዜ ነው። የበዓል ዋዜማ ይሁን የጾም ሰሞን፣ ዝናብ ይዘንብ ይሁን ፀሐይ ይውጣ፣ ከአንድ ናሙና የዓመቱን አማካይ ማውጣት በየትኛውም የስታቲስቲክስ ክፍል ዜሮ ያሰጣል። ነጋዴውም «ይህ አይደለም» ከማለት በቀር የ300 ቀን ቁጥር አውጥቶ ማሳየት አልቻለም። ግምቱ በዝቶበት ይሁን አንሶለት እሱ ራሱም አያውቅም ነበር።

«ይህ የሒሳብ ባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉ መምህራን አሉ። ልክ ናቸው፤ ሒሳቡን መዝጋት የባለሙያ ሥራ ነው። ንባቡን በተከሰተበት ቅጽበት መመዝገብ ግን የሙከራ ሠሪው ሥራ ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ ቴርሞሜትሩን ዛሬ አይተን ቁጥሩን በሚቀጥለው ሳምንት ከትውስታ ብንጽፍ መምህራችን ደብተሩን ይመልሱልናል። የተሳሳተውን በአንድ መስመር እንድንሰርዝ እንጂ ገጹን እንዳንቀድ አስተምረውናል። ቀን፣ መጠን፣ ምክንያት፣ ደረሰኝ፤ ለንግዱ የሚያስፈልገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። በዚህ ላይ ለሥራው የተለየ የባንክ ሒሳብ መክፈትና ለራስ በየወሩ የተቆረጠ ገንዘብ ብቻ ማውጣት ይጨመርበት። ባለቤቱ ለራሱ የሚወስደው ገንዘብ በግብር ስሌት ወጪ ሆኖ እንደማይያዝ ግን ከወዲሁ ይወቅ።

ስለዚህ ፋኩልቲዎቻችን በመጨረሻው ሴሚስተር አራት ሰዓት ብቻ እንዲመድቡ እንጠይቃለን። አዲስ ኮርስ አይቋቋም፤ ፈተናም አይኑረው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ምናባዊ ሱቅ የአንድ ወር ደረሰኞች በፌስታል ይሰጡት፤ ሦስቱ የደበዘዙ፣ ሁለቱ የግል ወጪ የሆኑ፣ አንዱም ተደጋግሞ የገባ ይሁን። ከዚያም ተማሪው ሽያጩን፣ ትርፉንና ለመንግሥት የሚቀመጠውን ለየብቻ አውጥቶ፣ ያገኘው ቁጥር ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ከጎኑ ይጻፍ።