የእንግዶች ማደሪያው ጠባቂስ?

የደጉ ሳምራዊ ታሪክ (ሉቃስ 10፥30-35) ሲሰበክ ሁላችንም ሳምራዊውን መሆን እንመኛለን፤ ካህኑንና ሌዋዊውን እንወቅሳለን። የእንግዶች ማደሪያውን ጠባቂ ግን የሚያስበው የለም። እኔ እንዳስበው ያደረገችኝ ደብረ ብርሃን ያለችኝ ትንሽ ክሊኒክ ናት።

አንድ ወንድም እናቱን ከአንኮበር ይዞ መጣ። የሳንባ ምች ነበረባቸው። አክሜ፣ መድኃኒት ሰጥቼ ሒሳቡን ስነግረው «ዶክተር፣ የቀረኝ የመሳፈሪያ ብቻ ነው፤ ጌታ ይክፈልህ» አለኝ። «አሜን» አልኩ፤ ከልቤ ነበር። የቤት ኪራይ፣ የነርሷ ደመወዝና ግብር ግን በ«ጌታ ይክፈልህ» አይከፈሉም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ፣ ጓንቱም የላቦራቶሪ ኬሚካሉም፣ ተወዷል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ደህና የለበሰ ነጋዴ መጣ። ለሕመሙ የማያስፈልጉ ሁለት ምርመራዎች ጻፍኩለት። ማንም አላወቀብኝም። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ግን መንፈስ ቅዱስ ወቀሰኝ። ለእናቲቱ የራራሁት ከኪሴ አውጥቼ አልነበረም፤ ከዚያ ምንም ከማያውቅ ሰው ኪስ ነበር። ምሕረት ያልኩት ስርቆት ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ደውዬ ገንዘቡን መለስኩለት።

ሳምራዊውን እንደገና ተመልከቱት። ቁስለኛውን ለጠባቂው አስረክቦ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብሎ አልሄደም። ሁለት ዲናር ቆጥሮ ሰጠ፤ የአንድ ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዝ ማለት ነው (ማቴዎስ 20፥2)። የጎደለውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ምሕረቱ ከፋይ ነበረው።

ስለዚህ የክሊኒክና የመድኃኒት ቤት ባለቤት ለሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች እላለሁ፦ የክሊኒኩን ገንዘብ ከቤታችሁ ወጪ ለዩ። ለችግረኛ የምትሰጡትን በየወሩ ቁርጥ አድርጋችሁ መድቡ፤ መዝግቡትም። ሲያልቅ «አልቋል» ማለት ኃጢአት አይደለም። የማያስፈልግ ምርመራ ማዘዝና በሽተኛ ለላከ ሰው ኮሚሽን መክፈል ግን ኃጢአት ነው።

ለቤተ ክርስቲያንም እላለሁ፦ ድሃውን ወደ አማኝ ሐኪም ልኮ ዝም ማለት አገልግሎት አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ በብዙ ወረዳ አለ። የዲያቆናት ክፍላችን አቅም የሌላቸውን ምእመናን፣ ጎረቤትንና ተፈናቃይንም ጭምር ለይቶ፣ የምዝገባው ወቅት ሲደርስ ዓመታዊ መዋጮአቸውን ቢከፍልላቸውስ? መድኑ ውል በገባባቸው የጤና ተቋማት ያሳክማቸዋል። «ከውጭ ግዙ» ለሚባለው መድኃኒት ደግሞ ጥቂት ገንዘብ ብናስቀምጥ ያ የእኛ ሁለት ዲናር ነው።

ጌታን ገና ያላወቅህ ወዳጄ፣ «መዳን በነጻ ነው» ስንልህ ዋጋ አልተከፈለበትም ማለታችን አይደለም። ኢየሱስ በደሙ ከፍሎታል (1ኛ ጴጥሮስ 1፥18-19)። አንተ በነጻ የምትቀበለው እርሱ ስለከፈለ ነው። ይህን ያወቅን እኛም የምሕረታችንን ሒሳብ በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ልንጥል አይገባም።

ጌታ ሩኅሩኅ ልብና ታማኝ እጅ ይስጠን። አሜን።