ምክንያቱ ያልታወቀን ምልክት እንዴት እንመዝግብ? በሪቮልቨር ፍሬም ላይ ስለሚታዩ የማሽን አሻራዎች

የአንድን አሮጌ ሪቮልቨር እጀታ ፈትቶ ፍሬሙን በአጉሊ መነጽር የመረመረ ሰው፣ ፋብሪካው ለዓይን ካዘጋጀው ገጽ ሥር ሌላ ገጽ እንዳለ ይረዳል። በውጭ የተወለወለው ብረት በውስጥ በኩል የፍሬዛ ጥርስ ያሰመራቸውን ትይዩ መስመሮች፣ የሞረድ ጭረቶችንና በመዶሻ የታተሙ ነጠላ ፊደላትን ይዟል። ከእነዚህ መካከል ምክንያታቸው የታወቀ አሉ፤ ያልታወቀም አሉ። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ ምክንያቱ ያልታወቀን ምልክት መዝጋቢው በግምት ሊተረጉመው አይገባም፤ እንዳላየ ሊያልፈውም አይገባም።

እንዲህ ያሉ ጥቃቅን አሻራዎች የታሪክን አረዳድ መለወጥ ይችላሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች አንዱ በሌላው ሊተካ የሚችል ክፍል ለማምረት የበቁት በማሽን ኃይል ነው ሲባል ቆይቷል። ሮበርት ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት ግን በስፕሪንግፊልድ የተሠሩ የጠመንጃ መተኮሻ ክፍሎችን ገጽ መርምሮ፣ ከማሽኑ በኋላ የመጨረሻውን ልክ ያስገኘው ሞረድ የያዘው የባለሙያ እጅ መሆኑን አሳይቷል። ማስረጃው ከብረቱ ገጽ የተገኘ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ትጉህ ጠባቂ ክፍሎቹን አሳምሮ ወልውሏቸው ቢሆን ኖሮ፣ ጥያቄው ራሱ መልስ አልባ ይሆን ነበር።

የግምትን አደጋ ለማየት ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ነው። ወደ ጎን የሚወጣውን የጥይት ማኅደር የሚሸከመው ክንድ በሚያርፍበት የፍሬሙ ቁርጥ ላይ ቁጥር ታትሞ ይገኛል። ብዙ ሰዎች ይህን የመሣሪያው መለያ ቁጥር ያደርጉታል። ቁጥሩ ግን በእጅ ተመጣጥነው የተገጣጠሙ ክፍሎች በማጠናቀቂያው ሥራ ወቅት እንዳይለዋወጡ የታተመ የመገጣጠሚያ ቁጥር ነው፤ በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ላይ እውነተኛው መለያ ቁጥር ያለው ከእጀታው ግርጌ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የመዘገበ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ከመጻፍ አልፎ ለመሣሪያው የሌላ መሣሪያ ታሪክ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው የ1860ው የኮልት አርሚ ሪቮልቨር ነው። ቀደም ብለው ከተሠሩት በብዙዎቹ ላይ፣ ከጥይት ማኅደሩ በስተኋላ ያለው መከታ ታችኛው ጠርዝ ተቆርጦ ይታያል፤ በፍሬሙ ግራና ቀኝም ወደ ውጭ የወጣ የብሎን ጭንቅላት አለ። ሽጉጡን ብቻውን ለሚያይ ሰው ቁርጡ ጉዳት ወይም የኋላ ጥገና ሊመስለው ይችላል። ነገሩ የሚገለጠው ተነቃዩ ሰደፍ ሲገጠምበት ነው፤ ቁርጡም ብሎኖቹም የተዘጋጁት ለእርሱ ነውና። የምልክቱ ምክንያት ያለው ከዕቃው ውጭ፣ ተለይቶ በቀረ ሌላ ዕቃ ውስጥ ነበር። «ጉዳት» ተብሎ ቢመዘገብ ኖሮ ሰደፉን የሚፈልግ አይኖርም ነበር።

«ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ስንፍናን መሸፈኛ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ባዶ ሐረግ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ስለዚህ ከሐረጉ በፊት የሚከተሉት አራት ነገሮች ይሟሉ እላለሁ። አንደኛ፣ የምልክቱ ቦታ፣ ርዝመት፣ ጥልቀትና አቅጣጫ ይለካ። ሁለተኛ፣ ምልክቱ ከላይኛው የቀለም ሽፋን በፊት ወይስ በኋላ እንደተሠራ ይጣራ፤ ሽፋኑ በጭረቱ ውስጥም ካለ ጭረቱ ሽፋኑን ይቀድማል፣ ጭረቱ ሽፋኑን ከቆረጠው ግን ኋላ የመጣ ነው። ሦስተኛ፣ በቁጥር ተቀራራቢ ከሆኑ ፍሬሞች ጋር ይነጻጸር፤ የአንድ መቁረጫ ጥርስ ጉድለት በተከታታይ በተቆረጡ ክፍሎች ላይ ስለሚደገም፣ በአንዱ ላይ ምስጢራዊ መለያ የመሰለው በሌሎቹም ላይ ሊገኝ ይችላል። አራተኛ፣ መላ ምት ካለ ከገለጻው ተለይቶ፣ ምን ቢገኝ ውድቅ እንደሚሆን ጭምር ይጻፍ።

የብራና መጻሕፍት አጥኚዎች ይህን ልማድ ያውቁታል። ጸሐፊው መስመር ለማስመር በብራናው ጠርዝ የወጋቸውን ቀዳዳዎች፣ የጽሑፉ አካል ባይሆኑም፣ ይመዘግቧቸዋል፤ የእጅ ሥራው ቅደም ተከተል የሚነበበው ከእነርሱ ነውና። ብረትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይገባዋል።

በዕቃ ላይ የምንሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መልስ ይዘን እንድንቀርብ ስለሚጠበቅብን፣ ያልታወቀውን የታወቀ የማስመሰል ፈተና አለብን። ግምት አንድ ጊዜ በመዝገብ ከሰፈረ ግን ተከታዩ አጥኚ እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል። በትክክል የተለካና ሳይተረጎም የቆየ ጭረት፣ ተጓዳኙ ዕቃ ወይም ሰነድ በተገኘ ቀን መልስ ሊሰጥ ይችላል። ከመወልወል በፊት መለካት ያለብንም ስለዚህ ነው።