ዳንቴል የለበሰው ዴክ

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ናይሮቢ ውስጥ፣ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የወዳጅ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ነበር። ዶሮው ተበልቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዓይኔ ሳሎኑን ሲቃኝ ቆይቶ ከቴሌቪዥኑ ጎን ባለ መደርደሪያ ላይ ዐረፈ። በ1980 ገደማ የተሠራ የጃፓን ካሴት ዴክ ነው (ዓመታቱን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ፊቱ ብርማ፣ የድምፁን መጠን የሚያመለክቱት ሁለቱ መርፌዎች ከመስታወት ጀርባ የተኙ፣ ቁልፎቹ አንድ በአንድ የተወለወሉ። በላዩ የባለቤቱ እናት በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተነጥፎበታል፤ በዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል።

«ይሠራል?» ስል ጠየቅሁ።

«ኧረ አይሠራም ጋሼ፤ ለውበት ነው» አለኝ የቤቱ ባለቤት፤ ከአውሮፓ በስንት ዋጋ እንዳስመጣውም በኩራት ነገረኝ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም። ያኔ ነው እናቱ ከረከቦቱ ቀና ብለው፣ «የአባቱ ካሴቶች እኮ አሁንም በካርቶን ሆነው አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ከካርቱም ይልክልኝ የነበረው ሁሉ። ማጫወቻ ጠፍቶ ነው እንጂ» ያሉት። ማጫወቻው ከእርሳቸው ሁለት ክንድ ርቆ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ቆሟል።

ከዚያ ቤት ተቆጥቼ ወጣሁ፤ ቁጣዬ ግን በዚያ ጨዋ ወጣት ላይ ብቻ አይደለም። የድሮ ካሴት ዴክ በቤት ማኖር በኛ ሰው ዘንድ አዲስ ፋሽን እየሆነ ነው። ከመሶቡና ከጀበናው ጎን እንደ ቅርስ ይደረደራል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይወደሳል። አይጫወትም እንጂ! እኔ የምለው ይህ ነው፦ የማይጫወት ዴክ በቤቱ ያቆመ ሰው ቅርስ ጠበቅሁ አይበል። ቁልፉን ጌጥ አድርጎ በአንገቱ አስሮ፣ ሣጥኑ ተቆልፎ ሲበሰብስ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነው።

አስቀድሜ ከራሴ ወገን ጋር ልጣላ። ካሴት ወዳዶች ስንባል አንድ የምንወደው ሙግት አለን፤ «የካሴት ድምፅ ሙቀት አለው፤ ሲዲና ስልክ ቀዝቃዛ ናቸው» እንላለን። ይህ ሙግት ውሃ አይቋጥርም። ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ይህን ካሴት ለዓለም ሲያሳይ ታላቅ ሙዚቃ ይሰማበታል ብሎ አልነበረም፤ በኪስ የሚያዝ የንግግር መቅጃ እንዲሆን ነበር። ክሩ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በዚያች ጠባብ ጥብጣብ ላይ የሁለቱ ፊት አራት መስመሮች ይተኛሉ። እሽሽ የሚለው ድምፅ ከዚህ ጥበትና ዝግመት የመጣ ነው። ዶልቢ የሚባለው ዘዴ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ካሴቱን የፈለሰፈውን ቡድን የመሩት ሉ ኦተንስ ራሳቸው በኋላ ሲዲን በመፍጠሩ ሥራ ተካፍለዋል፤ በ2021 ከዚህ ዓለም እስኪለዩም በድምፅ ጥራት በኩል ለካሴት የተሟገቱ ሰው አልነበሩም። አባትየው ያልተሟገቱለትን እኛ ምን አግብቶን እንሟገታለን? በዚህ ሜዳ ከተሰለፍን እንሸነፋለን፤ መሸነፍም ይገባናል።

የዴኩ ክብር ያለው በድምፁ ልስላሴ ሳይሆን ሌላ ማንም ሊያነበው የማይችለውን በማንበቡ ነው። እስቲ የኛን ታሪክ እናስብ። አምሃ እሸቴ በ1969 ማሳተም የጀመሩት፣ ካይፋም የቀጠለው የሸክላ ዘመን በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ አከተመ። ከዚያ ወዲያ ሲዲ እስኪስፋፋ ድረስ ባሉት ዓመታት የተዘፈነው ዘፈን ሁሉ ማለት ይቻላል ዋና መልኩ ካሴት ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ታውጆ የሌሊቱ ጭፈራ ሲከስም፣ ሙዚቃ ከአዳራሽ ወደ ሳሎን የገባው በዚህችው የፕላስቲክ ቅርፊት ነበር። የዚያ ዘመን ጆሮ በር ዘግቶ፣ ድምፅ ቀንሶ የሚያደምጥ ጆሮ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የሰማኒያዎቹን ሙዚቃ እወዳለሁ፤ ካሴት ግን አልወድም» ሲል «ቅኔ እወዳለሁ፤ ግዕዝ ግን አልፈልግም» ያለ ያህል ይሰማኛል። ትርጉም ማንበብ ይቻላል፤ መጽሐፉ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ይህ ሁሉ ደግሞ በሙዚቃ ቤት የተሸጠው ነው። ያልተሸጠውስ? ከካርቱም፣ ከጅዳ፣ ከሮም ሰው እጅ ተልኮ የመጣው የድምፅ ደብዳቤ፣ ሽማግሌ የመረቀበት ሠርግ፣ አልቃሽ የገጠመችበት ለቅሶ፣ የልጅ የመጀመሪያ ቃል! የእነዚህ ሁለተኛ ቅጂ በየትም የለም። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች የዚህን ዋጋ ከኛ ቀድመው ዐውቀዋል። በ1979 እና በ1980 ባለቅኔው ጋሪዬ የጀመረውና ብዙ ገጣሚዎች የተቀባበሉት «ዴሌይ» የተባለው የግጥም ሰንሰለት ከእጅ ወደ እጅ የዞረው በካሴት ነበር። በ1988 የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን ሲደበድብ የከተማይቱ ሬዲዮ ክሮች ከመሬት ሥር ተቀበሩ፤ ከዓመታት በኋላ ተቆፍረው ወጡ። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶች ተሰብስበው፣ እየተጫወቱና እየተመዘገቡ ይገኛሉ። ከተማ እየነደደ ክር የቀበረ ሕዝብ ባለበት አካባቢ እኛ በሰላም ቀን ክሩን አልጋ ሥር ስናሻግት እንገኛለን።

«ሁሉም እኮ ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ሁሉም የለም። ያለውም ቢሆን እንዴት እዚያ ደረሰ? አንድ ቦታ አንድ ሰው የሚሠራ ዴክ ስለነበረው ነው። አብዛኛው በደከመ ማጫወቻ የተገለበጠ በመሆኑ ፍጥነቱ የተዛባ፣ ዘፋኙ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን የሚመስል ነው፤ አንዳንዱም በፊት «ሀ» ማብቂያ ላይ ከመሐል ይቆረጣል። ሃይሉ መርጊያን እናስታውስ። የዋልያስ ባንዱ ባለ ኦርጋን በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሕዶ የቀዳው ካሴት፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ በ2013ም ለዓለም እንደገና ታተመ። በዚያ ወቅት ሙዚቀኛው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ይህን ታሪክ ስንሰማ «ፈረንጅ አገኘልን» ብለን አንዴ እንኮራለን፣ አንዴ እናፍራለን። ሰውየው ያደረገው ተአምር ግን ምን ነበር? ካሴቱን ገዝቶ አጫወተው። ያው ካሴት በስንታችን ቤት ነበር?

ሌላውን ስወቅስ የራሴን ልደብቅ አልችልም። ደሴ የነበሩት አያቴ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ለእናቴ የሚልኩት ደብዳቤ በካሴት ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ይቀዳላቸዋል፣ በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው ይልኩታል። እናቴ እንዳይጠፋባት ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብራ ነበር፤ ጥርሱ ከተሰበረ ዴኩ በላዩ አይቀዳም። እኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ባዶ ካሴት መግዣ ስላልነበረኝ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቄ በአያቴ ድምፅ ላይ ከሬዲዮ ዘፈን ቀዳሁበት። ዛሬም ካሴቱ አለኝ። ዘፈኖቹ አልቀው፣ ማስታወቂያ አንባቢው ድንገት ከተቆረጠ በኋላ፣ ከክሩ ማብቂያ በፊት ሁለት ደቂቃ ያህል አያቴ አሉ። ስለ ጤፍ ዋጋ ነው የሚያወሩት፤ ከዚያ «በሉ እንግዲህ ክሩም አለቀ መሰል» ይላሉ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም፤ ያን ሁለት ደቂቃ ለመስማት ግን እስክትሞት ድረስ ዘፈኖቹን ሁሉ ትታገሣቸው ነበር።

እንግዲህ «አንዴ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ መገላገል ነው» የሚሉ አሉ። መገልበጡን እደግፋለሁ፤ መገላገሉን አልቀበልም። ለመገልበጥም ቢሆን ደህና ዴክ ያሻል፤ በየገበያው የሚሸጡት ርካሽ የፕላስቲክ ማጫወቻዎች ክሩን በእኩል ፍጥነት መጎተት የማይሆንላቸው ናቸው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ካሴት የተቀዳበትን መሣሪያ ጠባይ ይዞ ይኖራል። የቀዳው መሣሪያ ሄድ ጥቂት ያጋደለ ከነበረ፣ የሚያጫውተውም በዚያው ልክ ካላጋደለ በቀር ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፤ ሰውየው እንደታፈነ ሆኖ ይሰማል። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ እያዞሩ፣ ድምፁ የሚጠራበትን ነጥብ በጆሮ መፈለግ ነው መድኃኒቱ። በ1982 የወጣው ናካሚቺ ድራጎን ዝናውን ያተረፈው ይህን ማጋደል ራሱ እየለካ ስለሚያስተካክል ነው። ድራጎን ግዙ ማለቴ አይደለም፤ ለዚያ ዋጋ ለሚያወጡት ሰዎች ያለኝን አስተያየት ለራሴ ልያዘው። ብሎኑን በጥንቃቄ የሚያዞር ሰውና የሚሠራ መካከለኛ ዴክ ይበቃሉ። ዛሬ በችኮላ፣ በታፈነ ድምፅ ገልብጦ ካሴቱን የጣለ ሰው ነገ የተሻለ እጅ ሊያወጣው ይችል የነበረውን አብሮ ጥሎታል።

ደስታውንም አልክድም፤ ይህን ሁሉ ስል እንደ ቅጣት እንዲታይብኝ አልፈልግም። ማታ ሥራ ተፈትቶ፣ ሄዱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠርጎ፣ የላላ ክር በእስክሪብቶ አጥብቆ፣ ክዳኑን ዘግቶ መቀመጥ የራሱ የሆነ ጣዕም አለው። ዘፈን መዝለል አያመችም። ስለዚህ ያልወደዱትን አራተኛ ዘፈን ይሰማሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት ከሁሉ የሚወዱት እርሱ ሆኖ ይገኛል። አርባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ዴኩ ቀጭ ብሎ ሲቆም ማንም አዲስ ነገር አይመርጥልዎትም፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። ከልጆቼ ጋር ብዙ ወግ ያወጋሁት ካሴት ለመገልበጥ ማን ይነሣ በሚል ክርክር መካከል ነው።

ኪሊማኒ ወዳለው ቤት ባለፈው ወር ተመለስሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንደምጽፍ አስቀድሜ ነግሬው ነበር፤ ወጣቱም ሳይቀየም ተቀበለኝ። የአበባ ማስቀመጫውን አንሥተን የዴኩን ክዳን ፈታን። እንደጠረጠርሁት የጎማ ቀበቶው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ከመዘውሩ ጋር ተጣብቋል። የአብዛኞቹ የዚያ ዘመን ዴኮች ሕመም ይኸው ነው፤ ክሩን የሚጫነው የጎማ ጥቅልልም ደርቋል። ሞተሩ ግን ደህና ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ዕድሜው የገፋ የቴፕ ጠጋኝ ዐውቃለሁ፤ ሱቁ አሁን የስልክ መስታወት መቀየሪያ ሆኗል፤ የዴክ ሥራ ሲመጣለት ግን ልጆቹን አስነሥቶ ራሱ ይቀመጣል። ቀበቶውን ለመቀየርና ለማጽዳት የጠየቀው ገንዘብ ወጣቱ ለአበባ ማስቀመጫው ካወጣው ያነሰ ነበር።

ካርቶኑን ከአልጋው ሥር አውጥተን ቆጠርን፤ ዐሥራ ዘጠኝ ካሴቶች፣ ሁለቱ ሻጋታ የያዛቸው። የሻገቱትን ለብቻ ለየናቸው፤ ሳይጸዱ ከገቡ ሄዱንም ሌሎቹንም ይበክላሉ። የቀሩትን ግፊት የምትሰጠው ትንሽ ስፖንጅ መኖሯን እያየን፣ ጥርሳቸው ያልተሰበረውን እየሰበርን አሰለፍናቸው። አንዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለእሷ ብቻ» የሚል ተጽፎበታል። እናትየው እርሱን ወስደው ከመቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት፤ ዴኩ ተጠግኖ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚሰማው አልተነጋገርንም።