የኮምፒውተር ዓምድ፦ የዊንዶውስ የገጽ ሥራ በሊኑክስ ላይ ይከፈታል ወይ?

በዚህ እትም የምንመልሰው ከብዙዎቻችሁ የደረሰንን አንድ ጥያቄ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በእርዳታ ያገኘነው ኮምፒውተር ሊኑክስ ነው የተጫነበት፤ የማኅበራችን የድሮ ጽሑፍ ግን በዊንዶውስ፣ በፔጅሜከር የተሠራ ነው። ምን እናድርግ?»

እዚህ ሎሎጎም ያለው ችግር ያው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው ነጻ የደህንነት እድሳት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይሸከሙም። ስለዚህ በነጻ የሚገኘውና ቀለል ያለው ሊኑክስ ቢጫንባቸው የሚያስከፋ አይደለም።

ታዲያ ነገሩ የቴክኒክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በነዚያ ፋይሎች ውስጥ ያለው የልደትና የጋብቻ ማስታወቂያ ነው፤ የእድር መዝገብ ነው፤ «ወንድሜን ያያችሁ» የሚል የፍለጋ ጽሑፍ ነው። ፋይሉ ሳይከፈት ከቀረ፣ ወይም ፊደሉ ተዛብቶ ከተከፈተ፣ የሚጠፋው የሰው ስም ነው።

ፔጅሜከር መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ ነበር፤ ወደ ዊንዶውስ የመጣው በኋላ ነው። በአገራችንም ብዙ ጋዜጦችና መጽሔቶች በዚሁ ተቀናብረዋል። የመጨረሻው እትም 7.0 በ2001 ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አዶቤ አዲስ እትም ሳይጨምርበት ቀረ። ለሊኑክስ የተሠራ ፔጅሜከር የለም።

መፍትሔው ዋይን የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ሥራው የተጀመረው በ1993 ሲሆን 1.0 እትሙ በ2008 ወጥቷል። ዋይን አስተርጓሚ ነው ብላችሁ አስቡት። ፔጅሜከር «ይህን ፋይል አንብብልኝ፣ ይህን መስኮት ክፈትልኝ» እያለ በዊንዶውስ ቋንቋ ይጠይቃል፤ ዋይን ጥያቄውን ለሊኑክስ እየመለሰ ያስፈጽማል። እዚሁ ጁባ ቢሮ ስንገባ አማርኛችንን ወደ ዓረብኛ የሚመልስልን ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። አስተርጓሚ ደግሞ አንዳንዴ ቃል ያመልጠዋል፤ ዋይንም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስን ራሱን በሊኑክስ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን መጫንም ይቻላል፤ ግን የዊንዶውስ ፈቃድና ብዙ ሜሞሪ ስለሚጠይቅ ለአሮጌ ኮምፒውተር አይመከርም።

ዋናው ጣጣ ግን ፕሮግራሙ ሳይሆን ፊደሉ ነው። የጥንቶቹ ፎንቶች፣ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ፣ የኛን ፊደል ያስቀመጡት በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር፤ ከዚያም ላይ የማይነካ አለ። የኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ሏ፣ ቋ እና ጓ፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታ አይበቃም። ስለዚህ ፊደሉን ከአንድ በላይ ለሆኑ ፎንቶች ያከፋፍሉት ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር የሚታየው ለዚህ ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለምና ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳታጠፉት!

እንግዲህ በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ገልብጡ። አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ከአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ፎንቶቹን አብራችሁ ውሰዱ። በሊኑክሱም በዋይን ውስጥ ባለው የዊንዶውስ የፎንት ማህደር ውስጥ አስገቧቸው።

ሦስተኛ፣ ፔጅሜከርን በዋይን ጭናችሁ ፋይሉን ክፈቱ። የድሮው የአማርኛ መጻፊያ አልሠራ ሊል ይችላል፤ ግድ የለም፣ የምንፈልገው ማንበብና ማውጣት ነው። እያንዳንዱን ገጽ ወደ ፒዲኤፍ አትሙት። ፎንቱ በውስጡ ከተካተተ ፒዲኤፉ በማንኛውም ኮምፒውተር፣ በስልክም ጭምር ይነበባል።

አራተኛ፣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መልሱት። የኛ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ጀምሮ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ የትም ሀ ነው። የመለወጫ ፕሮግራም ስትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ፦ ጽሑፉን ያለ ፎንቱ ገልብጣችሁ ከለጠፋችሁት የትኛው ሆሄ ከየትኛው ፎንት እንደመጣ ይጠፋል፤ አንዱ ሆሄ በሌላው ይተካል። ስለዚህ ከፔጅሜከር ስታወጡ የፎንቱን ስም በሚይዘው በአር ቲ ኤፍ ዓይነት ሴቭ አድርጉት።

አምስተኛ፣ ፒዲኤፉን ከጎን አድርጋችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንብቡ። አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይከተል። በተለይ የሰው ስም፣ የአባት ስምና ቀን ላይ አትቸኩሉ።

ዋይን ያስቸገራችሁ እንደሆነ ሊብሬ ኦፊስን ሞክሩ። ከ4.4 እትሙ፣ ከ2015 ወዲህ የፔጅሜከር ፋይል ይከፍታል፤ የማይክሮሶፍት ፐብሊሸርንም እንዲሁ። የገጹ አቀማመጥ ትንሽ ሊናጋ ይችላል፣ ጽሑፉን ግን ታገኙታላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ሊኑክስ ቫይረስ አይዘውም» ሲባል ትሰማላችሁ። ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራም ያስኬዳልና የዊንዶውስ ቫይረስንም ሊያስኬድ ይችላል። ከኮኞ ኮኞ ገበያ የመጣ ፍላሽ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ አትክፈቱ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ዋይን መሻገሪያ ድልድይ ነው፤ ድልድይ ላይ ደግሞ ቤት አይሠራም። የድሮውን በዋይን አውጡ፤ አዲሱን ሥራ ግን ዛሬውኑ በዩኒኮድ ጀምሩ። ለገጽ ሥራ ስክራይበስ፣ ለፎንት አቢሲኒካ አሉላችሁ። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራሉ። ያኔ ነገ ሌላ አገር፣ ሌላ ኮምፒውተር ቢገጥመን ስማችን እንደተጻፈ ይነበባል።

ጥያቄ ያላችሁ በጽሑፍ ላኩልን፤ በዚሁ ዓምድ እንመልሳለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!